ሚቴንን በካርቦን ቀዳዳ ማከማቸት፦ አንድ ሊትር የሙከራ ሲሊንደር ከዝግጅት እስከ ሙሌት

ሚቴን (የተፈጥሮ ጋዝና የባዮጋዝ ዋና ክፍል) በክፍል ሙቀት የቱንም ያህል ቢታመቅ ፈሳሽ አይሆንም። መጀመሪያ ቢያንስ ከዜሮ በታች 82.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት። ፕሮፔንና ቡቴን በቀላል ሲሊንደር ፈሳሽ ሆነው ሲቀመጡ፣ ሚቴን ግን ወይ ከ200 እስከ 250 ባር (1 ባር የተራው አየር ግፊት ያህል ነው) ታምቆ በወፍራም ሲሊንደር ወይ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ሆኖ የሚያዘው ለዚህ ነው። ሦስተኛው መንገድ ካርቦን ነው። ረቂቅ ቀዳዳ የበዛበት ካርቦን የሞላው ሲሊንደር በ35 ባር ብቻ፣ ባዶ ሆኖ በዚያው ግፊት ከሚይዘው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ጋዝ ይይዛል።

ይህ መመሪያ አንድ ሊትር የሚይዝ የሙከራ ሲሊንደር እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ እንደሚሞላና እንደሚለካ ያሳያል። ትልቅ ጋን ያሰበም ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻላል፤ የካርቦኑ ጥራትም የጋዙ ንጽህናም በአንድ ሊትር ላይ በሚዛን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቀዳዳው ምን ይሠራል

የሚቴን ሞለኪውል ስፋት 0.38 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው። ወደ አንድ የካርቦን ገጽ ሲጠጋ በደካማ ስበት ይያዛል። ገጹ ሁለት ሆኖ ሞለኪውሉ መሀል ሲገባ ስበቱ ከሁለቱም ወገን ስለሚመጣ ይበረታል። በክፍል ሙቀትና በ35 ባር ለሚቴን የሚስማማው ቀዳዳ ከ0.8 እስከ 1.1 ናኖሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ሁለት ረድፍ ሞለኪውል ተጠጋግቶ የሚቆምበት ማለት ነው። ከዚህ የጠበበው ቀዳዳ ጋዙን አጥብቆ ስለሚይዝ መልሶ አይሰጥም። ከ2 ናኖሜትር የሰፋው ደግሞ መሀሉ ላይ ተራ ጋዝ ብቻ ይይዛል፤ ቦታ ከመውሰድ በቀር ጥቅሙ ጋዙን ወደ ውስጥ ማሳለፍ ነው።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የካርቦኑን ጥራት በግራም ብቻ ሲለካ ነው። ሲሊንደሩ ግን የሚሞላው በሊትር ነው። በአንድ ግራም 3000 ካሬ ሜትር የገጽ ስፋት ያለው ካርቦን በሊትር 250 ግራም ብቻ ከገባ፣ 1500 ካሬ ሜትር ኖሮት በሊትር 550 ግራም በሚገባ ካርቦን ሊበለጥ ይችላል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር በ2012 ባወጣው ግብ ሁለቱንም የጠየቀው ለዚህ ነው፦ በአንድ ግራም ካርቦን 0.5 ግራም ሚቴን፣ በአንድ ሊትር ደግሞ (በተራ ግፊት ሲለካ) 263 ሊትር ጋዝ። ሁለቱን በአንድ ላይ ማሟላት እጅግ ከባድ ነው።

ካርቦኑን መምረጥ

ከተዘጋጁት አክቲቬትድ ካርቦኖች (ቀዳዳ እንዲበዛባቸው ተደርገው የተሠሩ ከሰሎች) ውስጥ ከኮኮነት ቅርፊት የተሠራው ለመጀመሪያ ሙከራ ይመረጣል። ጠንካራ ነው፣ አመዱ ትንሽ ነው፣ ቀዳዳውም በአብዛኛው ጠባብ ነው። ከድንጋይ ከሰል የሚሠራው መካከለኛ ነው። ከእንጨት በፎስፎሪክ አሲድ የሚሠራው ለቀለም ማጣሪያ ጥሩ ቢሆንም ሰፊ ቀዳዳው ስለሚበዛና ስለሚቀልል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በምርቱ መግለጫ ላይ የአዮዲን ቁጥሩ (አንድ ግራም ካርቦን የሚስበው አዮዲን) ከ1000 ሚሊግራም በግራም በላይ፣ የቢ.ኢ.ቲ. የገጽ ስፋቱ (በናይትሮጅን መጣበቅ የሚለካው) ከ1100 ካሬ ሜትር በግራም በላይ፣ የጅምላ እፍግታው (ከነክፍተቱ በአንድ ሚሊሊትር የሚገባው ክብደት) ከ0.45 ግራም በሚሊሊትር በላይ የሆነውን ፈልጉ። የአዮዲን ቁጥሩን በጅምላ እፍግታው አባዙት። ሁለት ምርት ስታወዳድሩ የሊትሩን ነገር የሚነግራችሁ ይህ ብዜት ነው። የሜቲሊን ብሉ ቁጥር (ካርቦኑ የሚስበው የዚህ ቀለም መጠን) ተጋንኖ ከተጻፈ ሰፊ ቀዳዳ በዝቷል ማለት ነውና ለእኛ እንደ ምስጋና አይቆጠርም። በብር፣ በአዮዲን ወይም በአልካላይ የተነከረ ካርቦን አትውሰዱ፤ የተነከረበት ነገር ቀዳዳውን ይዞታል።

ካርቦኑን ራሳችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ

የተሻለ አቅም ያለው ካርቦን በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ይሠራል። አንድ እጅ ከሰል ከሦስት እጅ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በክብደት ይደባለቃል፣ በ110 ዲግሪ ይደርቃል። ከዚያ በናይትሮጅን ፍሰት ውስጥ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ ወደ 400 ዲግሪ ይወጣና ውሃው እንዲለቅ አንድ ሰዓት ይቆያል። ቀጥሎ 750 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ይቆይና በናይትሮጅን ውስጥ እንዳለ እስከ ክፍል ሙቀት ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃ፣ የውሃው ፒኤች 7 አካባቢ እስኪደርስ ይታጠባል።

እዚህ ላይ ሁለት አደጋ አለ። የመጀመሪያው፣ በዚህ ሂደት የፖታሺየም ብረት ይፈጠራል፤ የሚፈላው 759 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በ750 ዲግሪም እየተነነ ወደ ምድጃው ቀዝቃዛ ጫፍ ሄዶ ይለጠፋል። ምድጃው ቀዘቀዘ ብሎ ከፍቶ ውሃ ያፈሰሰ ሰው እሳት ያስነሳል። ከመክፈታችሁ በፊት ናይትሮጅኑን በውሃ ውስጥ እያንቦቀቦቃችሁ እርጥብ አድርጋችሁ ለሰዓታት አሳልፉበት። ሁለተኛው፣ የቀለጠው አልካላይ የሸክላና የአሉሚና ዕቃን ይበላል፤ የኒኬል ዕቃ ያስፈልጋል። ይህን ያልተሟላ ቤተ ሙከራ ያለው ሰው የተዘጋጀ ካርቦን ቢገዛ ይሻለዋል። ትርፉም ሁልጊዜ ትልቅ አይደለም፦ በዚህ መንገድ የሚወጣው ዱቄት ቀላል ስለሆነ በሊትር 300 ግራም ብቻ ሊገባ ይችላል። በፕሬስ ታምቆ ጡብ ካልሆነ በሊትር የሚገኘው ጥቅም ይጠፋል። ለጡቡ የሚጨመረው ማጣበቂያ ደግሞ ከፊሉን ቀዳዳ ይደፍናል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሲሊንደሩ የማይዝግ ብረት፣ ሰፊ አፍ ያለውና ክዳኑ በብሎን የሚታሰር፣ በታወቀ አካል ለ60 ባር የሥራ ግፊት ተፈትኖ የተመሰከረለት ይሁን። በራሳችሁ ብየዳ የተሠራ ዕቃ፣ የእሳት ማጥፊያ ጣሳ ወይም ያረጀ የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ለዚህ አይውልም። ከእሱ ጋር የሚከተሉት ያስፈልጋሉ፦

- በ44 ባር የሚከፈት ሴፍቲ ቫልቭ፣ መውጫው ወደ ደጅ የተዘረጋ፤ በእሱና በሲሊንደሩ መካከል መዝጊያ አይገባም
- የኒድል ቫልቭ (ፍሰቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚያስተካክል)፣ እና እስከ 60 ባር የሚያነብ የግፊት ጌጅ
- 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ጎኑ የተበሳሳ፣ በረቂቅ የማይዝግ ሽቦ ወንፊት የተጠቀለለ ቱቦ፣ በሲሊንደሩ መሀል ከላይ እስከ ታች የሚቆም
- ሁለት ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ)፣ አንዱ መሀል አንዱ ግድግዳው አጠገብ
- መስመሩ ላይ የሚገባ የብረት ማጣሪያ፣ ቀዳዳው ከ10 ማይክሮሜትር ያልበለጠ
- እስከ 6 ኪሎ የሚመዝንና 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን
- ቫኪዩም ፓምፕ ከዘይት ትነት ማገጃ ጋር
- የሚቴን ዲቴክተር

የመሀሉ ቱቦ ትርፍ ይመስላል፤ አይደለም። ጋዙ ከአንድ ጫፍ ብቻ ሲገባ ረጅሙን የካርቦን ንብብር ማቋረጥ አለበት። በቱቦው በኩል ግን ከመሀል ወደ ግድግዳ አጭሩን መንገድ ይሄዳል። ማጣሪያው ከሌለ ደግሞ የካርቦን ብናኝ የቫልቩ መቀመጫ ላይ ይገባና ከጥቂት ሙሌት በኋላ ቫልቩ መዝጋት ያቅተዋል።

ማንፋትና መጠቅጠቅ

ካርቦኑን በወንፊት አንፍታችሁ ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊሜትር የሆነውን ፍሬ ውሰዱ። እኩል እኩል የሆኑ ፍሬዎች የቱንም ያህል ቢጠቀጠቁ በመካከላቸው ከ35 እስከ 40 በመቶ ክፍተት ይቀራል። ያ ክፍተት በ35 ባር ተራ ጋዝ ብቻ ስለሚይዝ የሚቻለውን ያህል መቀነስ አለበት። ከጠቅላላው ክብደት 30 በመቶ ያህል ከ0.15 ሚሊሜትር ያነሰ ብናኝ ብትደባልቁ ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በመካከለኛ መጠን ያለው አያገለግልም፤ ትልልቆቹን ይገፋፋል እንጂ በመካከላቸው አይገባም።

ከመጠቅጠቅ በፊት ካርቦኑን በምድጃ በ110 ዲግሪ ለ12 ሰዓት አድርቁ። ተከፍቶ የቆየ ከረጢት ከክብደቱ ከ5 እስከ 20 በመቶ ውሃ ይይዛል፤ ነክታችሁት ደረቅ ቢመስልም እንኳ። አየር ባለበት ከ150 ዲግሪ አትለፉ፤ የተከመረ ደቃቅ ካርቦን ከዚያ በላይ ራሱን በራሱ እያጋለ ሊቀጣጠል ይችላል።

ባዶውን ሲሊንደር ከነሙሉ ዕቃው መዝኑ። ቱቦውን አቁሙ፣ ካርቦኑን አምስት ቦታ ከፍላችሁ አንዱን ክፍል ከጨመራችሁ በኋላ ሲሊንደሩን በንዝረት ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ወይም በጎማ መዶሻ ዙሪያውን እየመታችሁ ሦስት ደቂቃ አንቀጥቅጡት። ለአንድ ሊትር 480 ግራም አካባቢ መግባት አለበት። 430 ካልሞላ አፍሳችሁ እንደገና ጠቅጥቁ። በብረት ዘንግ እየገፉ ማስገባት ግን ፍሬውን ሰብሮ ዱቄት ያደርገዋልና ይቅር።

ቀዳዳውን ባዶ ማድረግ

ሲሊንደሩን ዘግታችሁ ከቫኪዩም ፓምፕ ጋር አያይዙ፤ በማሞቂያ መቀነት ጠቅልላችሁ ወደ 150 ዲግሪ አውጡና 12 ሰዓት አቆዩት። የቫልቩ መቀመጫ ቴፍሎን ከሆነ ከዚህ አትለፉ። የአሉሚኒየም ወይም በፋይበር የተጠቀለለ ሲሊንደር በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይሞቅም። ፓምፑን ስትዘጉ ግፊቱ ለአሥር ደቂቃ 1 ሚሊባር እንኳ ካልጨመረ ባዶ ሆኗል። እየወጣ የሚሄድ ከሆነ ወይ ውሃ አልጨረሰም ወይ መስመሩ ያፈሳል። ሲቀዘቅዝ መዝኑት፤ ይህ ክብደት የሒሳቡ መነሻ ነው።

የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ

በሂሊየም ወደ 35 ባር አድርሱና በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ። በናይትሮጅን ከሞከራችሁ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ቫልቩን እንደዘጋችሁ ጌጁ መውረድ ይጀምራል፤ ያፈሰሰ ይመስላል። የሆነው ግን ናይትሮጅኑ ወደ ቀዳዳው እየገባ፣ የሞቀው ካርቦንም እየቀዘቀዘ ነው። ስለዚህ ግፊቱን የምታነቡት ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም ቴርሞካፕሎች አንድ ዓይነት ሲያሳዩ ነው። ሂሊየም በካርቦን ላይ እምብዛም ስለማይጣበቅ ይህ ችግር የለበትም። ፈተናው ሲያልቅ ጋዙን አስወጡና እንደገና በቫኪዩም ባዶ አድርጉት።

ቫኪዩም ፓምፕ የሌለው ሰው አየሩን በሚቴን ራሱ ያጥባል፦ ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት፣ ወደ 5 ባር ሞልቶ ማስወጣት፣ ይህንንም አምስት ጊዜ መድገም። በባዶ ዕቃ ሦስት ጊዜ ይበቃል ነበር። በካርቦን ግን የተጣበቀው ኦክሲጅን ግፊቱ ሲወርድ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ሁለት መጨመር ያስፈልጋል። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን እንደሚቀጣጠል አትርሱ።

መሙላት

1. ሲሊንደሩን ውሃ ያለበት ገንዳ ውስጥ አቁሙ፤ ውሃው 25 ዲግሪ ይሁን። ኤርዝ አያይዙ።
2. ከባዶ እስከ 5 ባር በአሥር ደቂቃ ሙሉ። ብዙው ሙቀት የሚለቀቀው እዚህ ነው።
3. ከ5 እስከ 15 ባር በ15 ደቂቃ፣ ከ15 እስከ 35 ባር በ20 ደቂቃ አድርሱ። የመሀሉ ቴርሞካፕል ከ50 ዲግሪ ካለፈ ቆም በሉ።
4. ቫልቩን ዝጉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ግፊቱ ይወርዳል፤ ወደ 35 መልሱት። መውረዱ እስኪያቆም ይደገማል።
5. አድርቃችሁ መዝኑ።

የዝግታው ምክንያት ይህ ነው። ሚቴን በካርቦን ላይ ሲጣበቅ በእያንዳንዱ ሞል (16 ግራም ሚቴን) 17 ኪሎጁል አካባቢ ሙቀት ይለቃል። በእኛ ሲሊንደር 38 ግራም ያህል ቢጣበቅ ወደ 40 ኪሎጁል ይሆናል። 480 ግራም ካርቦን አንድ ዲግሪ ለመሞቅ 430 ጁል ገደማ ብቻ ይበቃዋል። ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ ካርቦኑ በ90 ዲግሪ ይሞቅ ነበር ማለት ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝነው ብረት ሙሉ በሙሉ ቢካፈለው ጭማሪው ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል፤ ነገር ግን ካርቦን ሙቀት አስተላላፊነቱ ደካማ ስለሆነ በፍጥነት ሲሞላ የመሀሉ ክፍል ሙቀቱን ለግድግዳው ለማድረስ ጊዜ አያገኝም። የሞቀ ካርቦን ደግሞ ትንሽ ይይዛል። በሦስት ደቂቃ የሞላ ሰው ጌጁ ላይ 35 ባር አይቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ 28 ያገኘዋል።

በቀዝቃዛ ቀን እስከ 35 ባር የሞላችሁትን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። ሲሞቅ የተጣበቀውም ጋዝ ስለሚለቅ ግፊቱ ከባዶ ሲሊንደር በበለጠ ፍጥነት ይወጣል።

ማስወጣትና ሒሳቡ

ሲወጣ ተቃራኒው ይሆናል፤ ካርቦኑ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘው ደግሞ ጋዙን አጥብቆ ይይዛል። በደቂቃ አንድ ሊትር አካባቢ አስወጡ፣ ሲሊንደሩንም ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ አቁሙት። በፍጥነት ቢወጣ ጌጁ ዜሮ ላይ ደርሶም ብዙ ጋዝ ውስጥ ይቀራል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ስታዩ ግፊቱ ተነሥቶ ታገኙታላችሁ።

የኮኮነት ቅርፊት ካርቦን የሚሰጠው ቁጥር ይህን ይመስላል። 480 ግራሙ በ35 ባር በግራም 0.08 ግራም ቢይዝ 38 ግራም ሚቴን ገጹ ላይ አለ። የካርቦኑ ጠጣር አካል በሚሊሊትር 2.1 ግራም ስለሚመዝን 229 ሚሊሊትር ይወስዳል፤ በቀረው 771 ሚሊሊትር ውስጥ በ35 ባር በሊትር 24 ግራም ሒሳብ 18.5 ግራም ተራ ጋዝ አለ። ድምሩ 57 ግራም ገደማ ነው። በ25 ዲግሪና በ1.013 ባር አንድ ሊትር ሚቴን 0.656 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ የተከማቸው 87 ሊትር ነው። ባዶው ሲሊንደር በዚያው ግፊት 37 ሊትር ብቻ ይይዝ ነበር።

ነገር ግን ጌጁ ዜሮ ሲያነብ ውስጡ 1 ባር አለ፣ ካርቦኑም 7 ግራም ያህል አይለቅም። የሚጠቅማችሁ 50 ግራም፣ ማለትም 76 ሊትር ነው። ሻጭ «87 ይይዛል» ካላችሁ «ስንቱን ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ጋዙ ራሱ

በንጹህ ሚቴን ብቻ የሠራ ሰው ይህ ክፍል ብዙ አያስጨንቀውም። የቧንቧ ጋዝ ግን ኢቴን፣ ፕሮፔንና ቡቴን አለው። እነዚህ ከሚቴን አብልጠው ስለሚጣበቁ ከገቡ በኋላ ግፊቱ ሲወርድ አይወጡም፤ በየሙሌቱ እየተጠራቀሙ የሚቴኑን ቦታ ይይዛሉ። መከላከያው ከዋናው ሲሊንደር በፊት የሚቀመጥ፣ ከካርቦኑ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን የፊት ማጣሪያ ነው። ሲሞላ ቀዝቃዛ ሆኖ ከባድ ጋዞቹን ያስቀራል፤ ሲወጣ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቅና ከሚወጣው ሚቴን ጋር መልሶ ይለቃቸዋል።

ባዮጋዝ ሌላ ፈተና አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚቴን ይበልጥ ይጣበቃልና ከጥቂት በመቶ በታች መውረድ አለበት። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በካርቦኑ ላይ ወደ ድኝ ይለወጣል፤ ያ ካርቦን በማሞቅ አይመለስም። ውሃውን በሚመለከት፣ በ1 ባር ደረቅ የሚመስል፣ እርጥበቱ 10 በመቶ ብቻ የሆነ ጋዝ 35 ባር ላይ ሲደርስ ከሚችለው በላይ እርጥብ ነው። ካርቦን ደግሞ እርጥበቱ ግማሽ ካለፈ በኋላ ውሃውን በአንዴ ይጠጣል። ስለዚህ ማድረቂያው፣ ሲሊካ ጄልም ይሁን ሞለኪውላር ሲቭ፣ ከኮምፕረሰሩ በኋላ ይቀመጥ። ኮምፕረሰሩም ዘይት አልባ ይሁን።

በጥብቅ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በቧንቧ ጋዝ ላይ የሚጨመረውን ሽታ ሰጪ መርካፕታን ካርቦኑ ያስቀረዋል። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ቢያፈስ አፍንጫ አያውቀውም። ዲቴክተር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሚቴን ከአየር ስለሚቀልል ከጣሪያው በታች ይሰቀል።

አቅሙ ሲወርድ

በየአሥር ሙሌቱ የሞላውንና የወጣበትን ክብደት መዝግቡ። የወጣበት ክብደት ከመነሻው እየጨመረ ከሄደ የማይለቅ ነገር ተጠራቅሟል፤ በ150 ዲግሪ ቫኪዩም አድርጉት። ክብደቱ ወደ መነሻው ከተመለሰ ውሃ ወይም ቀላል ሃይድሮካርቦን ነበር፤ ካልተመለሰ ድኝ ወይም ዘይት ነውና ካርቦኑ ይቀየራል። የወጣበት ክብደት ሳይለወጥ የሞላበት ብቻ ካነሰ ቶሎ ሞልታችኋል ወይም ውሃው ሞቋል። ጋዙ ሲወጣ ፍሰቱ እየተቆራረጠ ከሆነ ማጣሪያው በብናኝ ተደፍኗል።

ይህንኑ ሲሊንደር በሃይድሮጅን ለመሞከር የሚያስብ ይኖራል። ሃይድሮጅን በካርቦን ላይ የሚጣበቅበት ኃይል ከ4 እስከ 7 ኪሎጁል በሞል ብቻ ስለሆነ በክፍል ሙቀት፣ በ100 ባር እንኳ፣ ከካርቦኑ ክብደት ከ1 በመቶ በታች ነው የሚያዘው። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ለየ500 ካሬ ሜትር የገጽ ስፋት 1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያ ግን ሌላ ሲሊንደር፣ ሌላ ቫልቭና ሌላ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ካርቦኑን ለማስወገድ ሲሊንደሩን ስትከፍቱ ጌጁ ዜሮ ማለቱ አያዘናጋችሁ። 7 ግራሙ ሚቴን አሁንም አለ፤ አየር ሲነካው ቀስ እያለ ይለቃል። በቫኪዩም አስወጡ፣ በናይትሮጅን ሙሉ፣ ከዚያ ደጅ ላይ ክፈቱ። የወጣውን ካርቦን ክዳኑ ባልታሸገ ዕቃ አኑሩት። እርጥብ ከሆነ ደግሞ በጠባብ ዝግ ክፍል አታስቀምጡት፤ እርጥብ አክቲቬትድ ካርቦን ከክፍሉ አየር ኦክሲጅኑን ይስባል።